እሁድን የት ዋልክ?

ሮቢት፣ ኅዳር ወር፣ ከሰዓት በኋላ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካለ አንድ ግቢ ሦስት ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸውን ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እንግዳው የመምህሩ የድሮ ተማሪ ነው፤ ቻይና፣ ሺያን ከተማ አጠገብ ባለችው ያንግሊንግ የደረቅ መሬት እርሻ አጥንቶ በቅርቡ ተመልሷል።

መምህር፦ ከቻይና የመጣ ሰው ሁሉ የሚያሳየኝ ፎቶ ያው ነው። ፎቅ፣ ባቡር፣ ድልድይ። ፎቁን ቴሌቪዥኑም ያሳየኛል። አንተን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ትምህርቱንም ለጊዜው ተወው። እሁድ እሁድ የት ትውል ነበር?

እንግዳ፦ ጋሼ፣ እስካሁን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስልክ እዚያ ስንት እንደሚሸጥ ነው።

እትዬ፦ እኔ ደግሞ ምን በልተህ እንደኖርክ ልጠይቅህ ነበር። ይሁን፣ የሱ ይቅደም።

እንግዳ፦ እውነቱን ልንገርዎት? የመጀመሪያውን ዓመት እሁድ የዋልኩት እዚሁ ሮቢት ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ። በእነሱና በእኛ መካከል የአምስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እዚህ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ እጠብቃለሁ። ከዚያ የሐበሻ ልጆች አንድ ክፍል ተሰብስበን ሽሮ እንሠራለን፤ የአገር ወሬ፣ የአገር ዘፈን፣ የአገር ፖለቲካ። ቻይና መሆናችን ትዝ የሚለን ለሻይ የፈላ ውኃ ልንቀዳ ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ ነው።

መምህር፦ ታዲያ ከቆቦ ሜዳ ቻይኖች በምን ተለየህ?

እንግዳ፦ ከባቡሩ ሰዎች?

መምህር፦ አዎ። ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ ያለውን መስመር ቱርኮች ሲሠሩት፣ ከሐራ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውን የያዙት ቻይኖች ነበሩ። ሥራው ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ እንጂ በዚህ ሜዳ ከርመዋል። ግቢያቸው የታጠረ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ የራሳቸውን ጎመን ይተክሉ ነበር፣ የሚያበስልላቸውም ያገራቸው ሰው ነበር። በነሐሴ የኛ ልጃገረዶች ሶለል ሲጨፍሩ ወጥቶ የሚያይ ቻይና አላጋጠመኝም። እኔም «አገር ውስጥ ገብተው አገር ሳያዩ ይሄዳሉ» እያልኩ ስፈርድባቸው ነበር።

እንግዳ፦ አይፍረዱባቸው። የኛም አጥር ያው ነው፤ ሽቦ ስላልሆነ አይታይም እንጂ። መጀመሪያ የሚያጥርዎት ወረቀት ነው። ሆቴል ካላደሩ በቀር በደረሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ማደሪያዎን ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብ ግድ ነው። ረጅሙን የተማሪ ቪዛ ይዞ የገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ ደም ይሰጣል፣ ራጅ ይነሣል፣ የጣት አሻራ ይወሰዳል። ቀኑ ካለፈብዎት ለእያንዳንዱ ቀን 500 ዩዋን ነው ቅጣቱ፤ ሲጠራቀም እስከ 10 ሺህ ይደርሳል።

መምህር፦ ከባድ ነው።

እንግዳ፦ ግልጽ ስለሆነ አይከብድም። ሕጉን አውቆ ቀኑን የጠበቀ ሰው ማንም አይነካውም። የሚያስቸግረው ትንሽ ከተማ ሲሄዱ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ማደሪያ ቤት የውጭ ሰው መመዝገብ አይችልበትም፤ ወይም ጣጣውን አይፈልገውም። አንዴ ከጓደኛዬ ጋር በክረምት ሌሊት ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው እየተባረርን ስንዞር ቆይተን ያደርነው ሌሊቱን በሙሉ ክፍት የሆነ ሾርባ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው። ባለቤቷ አንድ ሳህን ካዘዝን በኋላ አልተናገረችንም። እንደውም ውኃ እየደገመች ሞቅ ሞቅ አደረገችን።

እትዬ፦ እግዜር ይስጣት። ውኃ ሞቅ ያለ ነው የሚጠጡት?

እንግዳ፦ በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን የፈላ ውኃ ነው። ሽማግሌው ፔርሙሱን ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ባቡር ውስጥ፣ ጣቢያ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈላ ውኃ በነፃ የሚቀዳበት ቧንቧ አለ። ሆዴን ሲያመኝ መምህሬ የሰጡኝ መድኃኒት እሱ ነበር፤ ጉንፋን ሲይዘኝም እሱ፤ ፈተና ሲያስጨንቀኝም እሱ።

መምህር፦ ገንዘቡስ? ለኑሮ ይበቃህ ነበር?

እንግዳ፦ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ተማሪ በወር 3 ሺህ ዩዋን ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ 2 ሺህ 500፣ ለዶክትሬት 3 ሺህ 500። መኝታ በነፃ ነው። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ርካሽ ስለሆነ ይተርፋል። ግን ያንን ገንዘብ በዓይኔ አላየሁትም ማለት እችላለሁ። ሁሉ ነገር ስልክ ላይ ነው፤ ወይ ዊቻት ወይ አሊፔይ። በታኅሣሥ ብርድ በርሜል ቆርጦ ምድጃ የሠራ ሰው መንገድ ዳር ስኳር ድንች ይጠብሳል። እጁ ከጥላሸት ጥቁር ብሏል፤ ሚዛኑ የቆየ የእጅ ሚዛን ነው። አንገቱ ላይ ግን በሲባጎ ያንጠለጠላት ካርቶን አለች፣ ባለ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን ኮድ። በስልኬ አነሣኋት፣ ደወል ጮኸ፣ ድንቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንድ ቀን የወረቀት ብር ሳወጣለት መልስ ፍለጋ ጎረቤቱን ማስቸገር ነበረበት።

መምህር፦ እዚህም ቴሌብር ገብቷል። ቲማቲም የሚሸጡት ልጆች ሳይቀሩ ይቀበላሉ። ልዩነቱ መብራት ሲጠፋ ነው።

እንግዳ፦ እዚያም ባትሪ ሲያልቅ ሰው አይደሉም። በነገራችን ላይ፣ ያ ኪስዎ ውስጥ ያለው ቴክኖ ስልክ የሼንዘን ኩባንያ ነው፤ እዚያ ግን ለአገሬው አይሸጡትም። ክፍል ውስጥ ስልኬን ሳወጣ ቻይኖቹ «ይህ የየት አገር ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

እትዬ፦ በቃ፣ አሁን ወደ እኔ ጥያቄ ኑ። እንጀራ አለ?

እንግዳ፦ የሩዝ ዱቄትና የስንዴ ዱቄት ቀላቅለን፣ በእርሾ አቡክተን፣ በማይጣበቅ መጥበሻ እንጋግራለን። ዓይን ያወጣል። ጤፍ አይደለም እንጂ ከወጥ ጋር ሲበሉት ያሳልፋል። ግን እትዬ፣ ልቤን የመለሰልኝ ሌላ ምግብ ነው። ሺያን ከተማ የሙስሊሞች ሠፈር አለ፤ መስጊዱ የቻይና ቤተ መቅደስ ነው የሚመስለው፣ ሚናረቱ እንኳ እንደ ጣሪያ ላይ ጣሪያ የተሠራ ነው። እዚያ የበግ ሾርባ ቤት ገባሁ። ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ሁለት ደረቅ ቂጣ አምጥተው አስቀመጡልኝና ሄዱ። ሾርባው የታለ ብዬ ብጠብቅ ማንም አይመጣም። ለካ ቂጣውን በጣትህ ፈርፍረህ ሳህኑን ሞልተህ ነው ወደ ማብሰያው የሚመልሱልህ። እኔ በችኮላ በትልቁ ቆራርጬ ስጨርስ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳህኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወሰዱና አንዷን ቁራጭ ሽምብራ እስክታህል ድረስ አድቅቀው አሳዩኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ሾርባውና ሥጋው ተጨምሮበት፣ ቃሪያ በዘይትና በሆምጣጤ የተነከረ ነጭ ሽንኩርት ከጎኑ ሆኖ መጣ።

እትዬ፦ ፍትፍት ነዋ!

እንግዳ፦ ፍትፍት ነው። እሁዴ የተለወጠው ያን ቀን ነው። ከያንግሊንግ ሺያን በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ እሁድ ሲመጣ ሽሮውን ለልጆቹ ትቼ መውጣት ጀመርኩ።

እትዬ፦ ጾም ሲሆንስ?

እንግዳ፦ ጾም እዚያ ቀላል ነው። ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ በየዓይነቱ አለ፤ ቅጠላ ቅጠሉም ብዙ ነው። የቡድሂስት መነኮሳት ሥጋ ስለማይበሉ በገዳማቸው አቅራቢያ የጾም ምግብ ቤት አይጠፋም። የሚያስቸግረው «ሥጋ የለውም» ብለው ያቀረቡልህ ወጥ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሆኖ ሲገኝ ነው። እሱን ደጋግሞ መጠየቅ ነው።

መምህር፦ ማሽላስ? ለዚህ ነው የላክንህ።

እንግዳ፦ ጋሼ፣ ማሽላን እዚያ በብዛት የሚጠጡት እንጂ የሚበሉት አይደለም። ባይጂው የሚባለው ነጭ አረቄያቸው ዋናው ጥሬ ዕቃ ማሽላ ነው። እጅግ ውድ የሆነው፣ በመንግሥት ግብዣ ሲቀርብ የኖረው ማውታይ የሚሠራው ከጉይዡ ክፍለ ሀገር ቀይ ማሽላ ነው፤ 53 ዲግሪ ነው። ለመስክ ሥራ ገጠር ወጥተን ገበሬዎቹ ሲጋብዙን «አገሬ የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላ ወደ ዓለም የወጣው ከእኛ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ነው» አልኳቸው። ይህን ከሰሙ በኋላ ማን ያስለቅቀኝ! እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ በትንሿ ብርጭቆ «ለማሽላ አገር» እያለ አስጨለጠኝ። ፎቶ ስጠየቅ የኛን ማሽላ፣ ጅጉርቴና ደጋሌትን፣ አሳየኋቸው፤ ሰው በማሳው መካከል ቆሞ የማይታይበትን። የነሱ ማሽላ አጭር ነው፣ በማሽን እንዲታጨድ። «ይህን ያህል አገዳ ምን ያደርግላችኋል?» አሉኝ።

እትዬ፦ ከብቱ ምን ይብላ? በምን እንማግድ?

እንግዳ፦ እሱኑ ነው የመለስኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ገባቸው፤ እነሱም በልጅነታቸው እንደዚያ ኖረዋል። ያልገባቸው ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ናቸው።

መምህር፦ እኔን እንደኔ ያለው ሰው ነው የሚያሳስበኝ። ጡረተኛው እዚያ ምን ያደርጋል? እኛ እንደምታየን ጥላው ሲዞር አብረን ስንዞር እንውላለን።

እንግዳ፦ መናፈሻውን ቢያዩት! ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሞልቶ ያገኙታል። ወጣት የለም፤ ሁሉም የርስዎ ዕድሜ ነው። በአንድ ወገን ሴቶቹ ትልቅ ማጉያ አቁመው በሰልፍ ይጨፍራሉ፤ ማታም ይደግሙታል። በሌላ ወገን እጃቸውን ቀስ እያደረጉ እንደ ውኃ የሚያንቀሳቅሱ አሉ። ወፉን ከነጎጆው ይዞ መጥቶ ዛፍ ላይ የሚሰቅል አለ። ካርታ የሚጫወቱት ላይ ቆሞ የሚያይ ከተጫዋቹ ይበዛል፤ ምክሩም ጩኸቱም ከዳር ነው።

መምህር፦ ያ እንኳ እዚህም አለ።

እንግዳ፦ አንድ ሰው ነበሩ። ዱላ የሚያህል ብሩሽ ይዘው ባልዲ ውኃ ውስጥ እየነከሩ በድንጋዩ ወለል ላይ በውኃ ይጽፋሉ። ጎንበስ ብለው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ እየወሰዱ፣ ከላይ ወደ ታች። ፊደሉ ክንድ ያህላል። ረድፉን ሳይጨርሱ የመጀመሪያው ፊደል ፀሐይ መትቶት ይደርቃል። አያዝኑም፤ ሌላ ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ቆሜ ሳይ አንድ ቀን ብሩሹን ሰጡኝ። የኔን ስም በግዕዝ ፊደል ጻፍኩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ሽማግሌው ግን ፎቶ አላነሡም፤ ቁጭ ብለው «ሀ»ን አጠገቡ ገለበጡት። ከዚያ በኋላ እሳቸው ቻይንኛ፣ እኔ ፊደል እየተማማርን ከረምን። ቋንቋውን ክፍል ውስጥ አንድ ዓመት ተምሬዋለሁ፤ የቻልኩት ግን እዚያ መናፈሻ ውስጥ ነው።

እትዬ፦ ጥቁር ብለው አያሳቅቁህም?

እንግዳ፦ ያፈጥጣሉ። ትንሽ ከተማ ላይ ሕፃን ልጅ እናቱን ጎትቶ ያሳያል። ፀጉሬን የነካ አለ፤ ሳይጠይቅ ፎቶ ያነሣኝ አለ። አብዛኛው ክፋት አይደለም፣ አለማየት ነው። ግን ሁሉንም በዚያ ማለፍ አይቻልም። በኮሮና ጊዜ፣ በሚያዝያ 2012፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ አፍሪካውያን ከቤት ተባርረው መንገድ ላይ አድረዋል፤ ሆቴልም ምግብ ቤትም አላስገባም ብሏቸዋል። የአፍሪካ አምባሳደሮች ቤጂንግ ውስጥ በጋራ ደብዳቤ ጻፉ። ይህን የረሳ ሰው ስለ ቻይና ሲያወራ አልሰማውም።

መምህር፦ ልክ ነህ። እሺ፣ ስለ መንገዱ ንገረኝ። ካርታውን ለሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሳላየው ነው።

እንግዳ፦ ፈጣኑን ባቡር ያውቁታል። ከቤጂንግ ሻንጋይ 1 ሺህ 318 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአራት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ፓስፖርትዎ ነው ትኬትዎ። ደስ ይላል፣ ግን ሰው አያነጋግርም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አገር ማየት የፈለገ አረንጓዴውን አዝጋሚ ባቡር ይያዝ። በተለይ በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ሰሞን። ያኔ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ይጓዛል፤ ትኬት ጠፍቶ ሰው በመተላለፊያው ላይ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። የሱፍ አበባ ፍሬ ቅርፊት ወለሉን ሸፍኖታል። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ የኮንስትራክሽን ሠራተኛ ነበር፤ አንጎላ ሁለት ዓመት ሠርቷል። «የት ነው ቤትህ?» አለኝ። ስነግረው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «አንጎላን አላውቃትም፤ ከካምፑ አልወጣሁም። አንተ ግን የኛን ቀበሌ ባቡር ይዘሃል» አለኝ።

መምህር፦ ይኸው! አጥሩን እሱም ያውቀዋል።

እንግዳ፦ አወቀው እንጂ። ወታደሮቹን ላንሣልዎት፣ የሸክላዎቹን። እሱን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

መምህር፦ የቺን ንጉሠ ነገሥት መቃብር። ከ2 ሺህ 200 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንግዳ፦ እንዴት እንደተገኘ ግን አልነገሩንም። በመጋቢት 1966 ነው። ድርቅ ነበር። ከሺያን ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬዎች ለማሳቸው ውኃ ፍለጋ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው ዶማው የሸክላ ራስ የመታው። ዛሬ በጥላ ሥር በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ተሰልፎ ይታያል። ጎብኚው ሁሉ ወታደሩን ያያል፤ እኔ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ ነው የፈለግሁት። በምልክት አሳይተውታል።

መምህር፦ መጋቢት 66 አልከኝ? እኔ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እህል ፍለጋ ከቀዬው የተነሣ ሕዝብ በዚህ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ውኃው ደግሞ ከእግራችን ሥር ነበር። የቆቦ ጊራና ፕሮግራም ቆፍሮ፣ ፓምፕ ገጥሞ፣ በዚህ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም እስኪያሳየን ድረስ ማን አወቀ? እነሱም ቆፈሩ፣ ወታደር አገኙ። ሁለታችንም በአንድ ወር ሰማይ ሰማይ እያየን ነበር ማለት ነው።

እትዬ፦ ቡናው ቀዘቀዘ። ቶናው ነው፣ ጠጡ።

እንግዳ፦ እኔ ወደ ሰሜን፣ ቢጫው አፈር ወዳለበት ስሄድ ነው የአገሬ ትዝታ የባሰብኝ። ሎስ ይሉታል፤ ነፋስ ያመጣው አፈር ነው፣ እንደ ዱቄት የላላ። ገበሬው ገደሉን ፈልፍሎ ቤት አድርጎ ይኖርበት ነበር፤ አሁንም የሚኖር አለ። ዝናብ ሲመጣ ቦረቦሩ የራያን ተራራ ሥር ይመስላል። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን መንግሥት ዳገቱን ማረስ ለተወ ገበሬ እህልና ገንዘብ እየሰጠ ዛፍ አስተክሏል። እርከኑ ከላይ ሲያዩት ጣት ያሰመረው ይመስላል። መምህራችን ለጥናት ነበር የወሰዱን፤ እኔ ግን ሽርሽርም አድርጌ ቆጠርኩት። ከቤጂንጉ ታላቁ ግንብ ይልቅ እሱን ደግሜ ባየው እመርጣለሁ።

መምህር፦ ነጋዴዎቻችን ይህን ያያሉ?

እንግዳ፦ የት አይተውት! አንድ ክረምት ለመርካቶ ነጋዴዎች ላስተረጉም ጓንዡ ሄጄ ነበር። አየር መንገዳችን ቻይና መብረር የጀመረው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ወደ ሻንጋይ፤ ጃንሆይ ማኦን በጎበኙ በሁለተኛው ዓመት ገደማ። ዛሬ ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንዡ፣ ቼንግዱ ይበራል። የጓንዡው አውሮፕላን ነጋዴ ነው የሚሞላው። ሌሊቱን ይበርራል፣ ሺያዎቤይ በሚባለው ሠፈር ሆቴል ይገባል፤ እንጀራ አለ፣ ክትፎ አለ፣ አማርኛ የሚያወራ ደላላ አለ። ጠዋት መጋዘን፣ ማታ ሆቴል። የካንተን ትርኢት በሚያዝያና በጥቅምት ይደረጋል፣ ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አልተቋረጠም ማለት ይቻላል፤ ያንን ያያሉ። ወይም ዪዉ ከተማ ይሄዳሉ፤ ገበያው ከ75 ሺህ በላይ ሱቅ አለው። እዚህ ገበያ ላይ የሚሸጠው የፕላስቲክ ጫማ፣ የፀጉር ጌጥ፣ የሶላር ፋኖስ ብዙው ከዚያ ነው። ከዚያ ኪሎ አስመዝኖ መመለስ ነው።

መምህር፦ ነጋዴ ጊዜ የለውም፤ የቀን ወጪው ይቆጥርበታል። አትፍረድ አላልከኝም?

እንግዳ፦ ብዬዎት ነበር። ለቻይኖቹ አዘንኩ፣ ለነጋዴዎቹ አላዝንም፤ ምክንያቱም በሩ ክፍት ነው። ከሚያድሩበት ሆቴል ብዙም ሳይርቅ አንድ የሙስሊሞች መቃብርና መስጊድ አለ። የቻይና ሙስሊሞች ትውፊት የነቢዩ ባልደረባ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ እዚያ እንዳረፈ ይናገራል። አንዳንዱ ትውፊት ደግሞ ሰውየው ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ በባሕር ነው የመጣ ይላል። የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። ግን የወሎ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት አይሄድም? ጓንዡ ሲመላለሱ የኖሩ አንድ ሐጂ አብረውኝ ነበሩ። ነገርኳቸው፣ አላመኑኝም። ዓርብ ወሰድኳቸው። በዛፍ የተሸፈነ ጸጥ ያለ ግቢ ነው፤ ዓረብ፣ ኡይጉር፣ ማሊያዊ፣ ቻይናዊ አብሮ ተሰልፎ ይሰግዳል። ደጁ ላይ የበግ ጥብስ ይሸጣል። ሲወጡ «ስንት ዓመት ካርቶን ስቆጥር ኖርኩ» አሉኝ።

መምህር፦ እንግዲህ የኔም ፍርድ ካንተ ጋር ነው። ሰው ሥራውን ይዞ ይሄዳል፣ ያ ግዴታው ነው፤ አገሩን የሚያሳየው ግን ሥራ የፈታበት ቀን ነው።

እትዬ፦ የናንተ ፍርድ ይቆየን። የልጅ ልጃችን ስኮላርሺፑ ከደረሳት መስከረም ላይ ትሄዳለች። ምን ልቋጥርላት?

እንግዳ፦ በርበሬና ሽሮ፣ ትንሽ ኮረሪማ። ምጣድ አትሸከም። ቡና ትያዝ፣ ግን ጥሬውን፤ የይርጋ ጨፌን ስም እዚያ ያሉ የቡና ቤት ልጆች ያውቁታል፣ ቆልታ ስታሳያቸው ወዳጅ ታፈራበታለች። ከቼንግዱ በኩል ከገባች ደግሞ የሲችዋን በርበሬ ትቀምሳለች፤ ከማቃጠሉ ሌላ ምላስ ያደነዝዛል፣ የኛን ያስንቃል።

እትዬ፦ የኛንስ የሚያስንቅ የለም!

እንግዳ፦ ቀምሰው ይፍረዱ። ዋናው ነገር ስልክ ነው። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ እዚያ አይከፈትም። ዊቻትን በእርስዎም በእናቷም ስልክ ላይ ከመሄዷ በፊት ጫኑት፤ አዲስ ሲከፈት ነባር ተጠቃሚ እንዲመሰክርለት ስለሚጠይቅ እኔ አደርግላችኋለሁ። የፈቃዱን ቀን ግድግዳ ላይ ትጻፈው። የአገር ልጆቹ ራሳቸው ኤርፖርት ይቀበሏታል፤ ሲከፋት መጠጊያዋ እነሱ ናቸው፣ አትራቃቸው።

መምህር፦ እሁድስ?

እንግዳ፦ የመጀመሪያዋን እሁድ ጠዋት ፓስፖርቷን ኪሷ ከትታ፣ የሞቀ ውኃዋን ይዛ፣ ከ12 ሰዓት በፊት በአቅራቢያዋ ወዳለ መናፈሻ ትውጣ። ሽሮው እስከ ከሰዓት ይቆያታል፤ የሐበሻ ልጆችም የትም አይሄዱባትም።